ሰባት ጊዜ ነክቶ መመረቅ

ሰው ሳይለፋ ማዕረግ የሚያገኝበት ቦታ ብዙ ነው ይባላል፤ እኔ በዓይኔ ያየሁት ግን አንድሮይድ ስልክ ውስጥ ያለውን ነው። ሴቲንግ ትከፍታለህ፣ ስለ ስልኩ የሚናገረው ክፍል ውስጥ ትገባለህ፣ ወደ ታች ወርደህ “ቢልድ ነምበር” የሚለውን ጽሑፍ ሰባት ጊዜ በጣትህ መታ መታ ታደርገዋለህ። በቃ። ስልኩ ዴቨሎፐር መሆንህን ያበስርሃል። ፈተና የለም፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የለም፣ የጋዎን ኪራይ የለም። እንዲያውም መሐል ላይ ስትደርስ “ይህን ያህል ቀርቶሃል” እያለ ያበረታታሃል፤ እኔ በተማርኩባቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንዲህ ያለ ደግ መምህር አልገጠመኝም።

ጉግል ይህን በር የደበቀው በ2012፣ በአንድሮይድ 4.2 ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ስልኩም የሚያውቀው እሱን ነው።) የደበቀውም ነገሩን የማያውቅ ሰው ገብቶ እንዳይነካካ ብሎ ነበር። የተደበቀ ነገር ግን የሰፈራችንን ጎረምሳ ይጠራዋል እንጂ አያባርረውም። ሰባቷን ነክቶ በተመረቀ ማግስት ስልኩን በእጁ፣ የቻርጀሩን ገመድ በአንገቱ አድርጎ እኔ ደጃፍ ላይ ነው። “ጋሼ፣ ስልኬን ሩት ያድርጉልኝ!”

ለምን እኔ ቤት እንደሚመጣ ልናገር። ከብዙ ጊዜ በፊት የአንዲት ጎረቤታችን ስልክ “አልጮህ አለ” ተብሎ መጥቶ ከሳይለንት አወጣሁላቸው። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ የስልክ ሐኪም እኔ ሆንኩ። አልፎ አልፎ የኤሌክትሪክ ምጣድም ይመጣልኛል፤ እሱን እንኳ ወደሚመለከተው እሰዳለሁ።

ለጀማሪው መጀመሪያ የምነግረው ሩት ምን እንደሆነ ነው፤ አብዛኛው የሚያውቀው ቃሉን ብቻ ነውና። ስልኩን የገዛኸው አንተ ነህ፣ ብሩን ቆጥረህ የከፈልከው አንተ ነህ፤ ስልኩ ግን የሚያውቅህ እንደ ተከራይ ነው። ትኖርበታለህ፣ መጋረጃ ትቀይራለህ፣ እንግዳ ታስተናግዳለህ። ግድግዳው ላይ ሚስማር መምታት ግን ክልክል ነው። አከራይህ “ለጊዜው እዚህ ትቀመጥ” ብለው ክፍልህ ውስጥ የተዉት ቁም ሳጥንም አለ፤ አትከፍተውም፣ አታወጣውም፣ በየቀኑ ግን እግርህን ይመታሃል። ስልኩ ከፋብሪካ ሲወጣ ተጭነውበት የሚመጡት፣ ማንም ያልጠየቃቸው፣ “አጥፋ” የሚል ምልክት እንኳ የሌላቸው አፖች እነዚያ ናቸው።

ይህ የተከራይነት ነገር ከሩቅ የመጣ ነው። የአንድሮይድ መሠረቱ ሊኑክስ ነው፤ በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ የጀመረው። ሊኑክስ ደግሞ ደንቡን የተማረው በ1969 አሜሪካ ውስጥ ቤል ላብስ ከተወለደው ከዩኒክስ ነው። በዚያ ደንብ እያንዳንዱ ተጠቃሚ ቁጥር አለው። ስልክህ ላይ የምትጭነው አፕ ሁሉ ከ10000 ጀምሮ የሚቆጠር የራሱ ቁጥር ይሰጠዋል፤ አንዱ አፕ የሌላውን ጓዳ ገብቶ እንዳይበረብር የሚያግደውም ይኸው ነው። ሩት የሚባለው ተጠቃሚ ቁጥሩ 0 ነው። በሌላው ቦታ ዜሮ ያገኘ ሰው ቤቱ ሲገባ ይገረፋል፤ እዚህ ግን ሁሉን የሚያዝ እሱ ነው፤ ስልክን ሩት ማድረግም የሱን ሥልጣን መያዝ ነው። የማይከፍተው ፋይል፣ የማይሰርዘው ነገር የለም። ሲሰርዝም ደግሞ “እርግጠኛ ነህ ወይ?” ብሎ የሚጠይቀው የለም። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ጎረምሳው ሲሰማ ዓይኑ ይበራል፤ የኔ ደግሞ ይጨልማል።

የመጀመሪያው አንድሮይድ ስልክ ለገበያ የቀረበው በጥቅምት 2008 አሜሪካ ውስጥ ነው፤ ኤችቲሲ የሠራው፣ ቲ-ሞባይል የሸጠው ጂ1። ከስክሪኑ ሥር ተንሸራቶ የሚወጣ የፊደል ገበታ ነበረው። ታዲያ አንድ ሰው ስልኩን አጥፍቶ ያበራል። ፍቅረኛው “ለምን ዝም አልከኝ?” ብላ ትጽፍለታለች። እሱም ስልኩን ሪቡት እያደረገ እንደነበረ ሊነግራት “ሪቡት” የምትለዋን አንዲት ቃል በእንግሊዝኛ ጽፎ የመላኪያዋን ቁልፍ ሲጫን፣ ስልኩ ድርግም ብሎ ጠፋና እንደገና ተነሣ። ለካስ ስልኩ ውስጥ፣ ከጀርባ፣ ማንም የማያየው የትእዛዝ መስኮት በሩት ሥልጣን ተከፍቶ ቀርቷል፤ ባለቤቱ ለወዳጁ፣ ለአለቃው፣ ለእናቱ የሚጽፈውን እያንዳንዱን ቃል እንደ ትእዛዝ እየተቀበለ ለመፈጸም ይሞክራል። አብዛኛው የሰው ወሬ ትርጉም የሌለው ትእዛዝ በመሆኑ ብቻ ነው ስልኮቹ የተረፉት። ጉግል ነገሩን እንደሰማ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዘጋው። ጨዋታ አዋቂዎቹ ግን ቀዳዳዋ ሳትዘጋ ገብተው ስልካቸውን ሩት አድርገው ነበር። የሩት ታሪክ እንግዲህ የተጀመረው በአንድ ሰው የፍቅር ወግ መሐል ነው።

እኛ አገር ግን የጀመረው በአራት ማዕዘን ነው። የዛሬ ልጆች አያምኑኝም። መጀመሪያ የገቡት አንድሮይድ ስልኮች ብዙዎቹ የግዕዝ ፊደል አልነበራቸውም። ከወንድምህ የመጣ የአማርኛ መልእክት ስትከፍት የምታየው የአራት ማዕዘን ሰልፍ ነው፤ ረጅሙ ሰልፍ ረጅም ወሬ፣ አጭሩ ሰልፍ ምናልባት “ደህና ነህ?” ይሆናል። የሞት መርዶም የሠርግ ጥሪም መልኩ አንድ ነው። አንዳንዱ ኦፔራ ሚኒ ውስጥ ገብቶ የተሰወረችውን ማስተካከያ አብርቶ ድረ ገጹን እንደ ሥዕል እያስመጣ ያነብ ነበር፤ ብልህ የሆነ መላ ነው፣ ግን ከኦፔራ ስትወጣ አራት ማዕዘኑ ይጠብቅሃል። ሌላው በፈረንጅ ፊደል አማርኛ እየጻፈ ከረመ።

መፍትሔው ፊደሉን የያዘውን ፋይል ሲስተም ውስጥ ካለው የፊደሎች ማኅደር መክተት ነበር። ያ ማኅደር ደግሞ ለቁጥር 0 እንጂ ለተከራይ አይከፈትም። ስለዚህ ሰው ስልኩን ሩት የሚያደርገው ለመራቀቅ ሳይሆን “ሀ ሁ”ን ለማየት ነበር። ፒያሳና መርካቶ ያሉ የጥገና ልጆች በየቀኑ የሚሠሩት ሥራ ሆነ፤ “አማርኛ እንጭናለን” የሚል ጽሑፍ በር ላይ የሚለጠፍበት ዘመን ነበር። እኔ እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው ሩት የማድረጊያ ምክንያቶች ሁሉ እንደዚያ የከበረ አልሰማሁም። ፊደሉ በኋላ ከነአንድሮይዱ አብሮ መምጣት ጀመረና ምክንያቱ አለፈ፤ ሩት የማድረግ ፍላጎቱ ግን አላለፈም። ምክንያት ሲያጣ ሌላ ምክንያት ይፈልጋል።

እኔም ሰዉን የምቀበለው በጥያቄ ነው። “ለምን?” እላለሁ። ይህች ጥያቄ ግማሹን ከበሬ ላይ መልሳልኛለች።

አንዱ “ፓኬጄን የሚበላብኝን ላስወግድ” ይላል። ለዚህ ሩት አያስፈልግም፤ ዳታ ቆጣቢውን አብርቶ፣ የትኛው አፕ ምን ያህል እንደበላ ሴቲንግ ውስጥ አይቶ፣ በላተኛውን ከጀርባ እንዳይሠራ መከልከል ይበቃል። ብዙ ጊዜ በላተኛው ራሱ እየከፈተ የሚያየው ቪዲዮ ሆኖ ይገኛል፤ ያን ጊዜ ወሬ እንቀይራለን። ሌላው “ማስታወቂያ ሰለቸኝ” ይላል። ከ2018ቱ አንድሮይድ 9 ወዲህ “ፕራይቬት ዲኤንኤስ” የሚባል ቦታ አለ፤ ማስታወቂያ የሚያጣራ አድራሻ እዚያ ካስገቡበት ብዙው ጸጥ ይላል። ሦስተኛዋ የአከራይዋን ቁም ሳጥን ማውጣት ትፈልጋለች። እሱም ቢሆን ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ በኤዲቢ ትእዛዝ ለተጠቃሚው እንዳይታይና እንዳይሠራ ማድረግ ይቻላል፤ ፋይሉ ከሥር ይቀራል፣ ስልኩ ፎርማት ሲደረግ ተመልሶ ይመጣል፣ ግን ለዕለት ኑሮ እግር አይመታም። የጎረቤትን ዋይፋይ ፓስዎርድ ልስበር ብሎ የሚመጣም አይጠፋም። እሱን ቡና አጠጥቼ እሸኛለሁ፤ ያ ጎረቤት ምናልባት እኔ ልሆን እችላለሁ።

የቀረው፣ እውነተኛ ምክንያት ያለው ወይም ምንም ቢነግሩት የማይመለሰው ነው። ከዚህኛው ጋር ነው ሥራው። አምራቹ የረሳውን አሮጌ ስልክ በአዲስ አንድሮይድ ማስነሣት የሚፈልግ አለ፤ ለሱ እንደ ሊኒጅ ኦኤስ ያሉ ነጻ ሶፍትዌሮች አሉለት። (ሊኒጅ በ2016 መጨረሻ የተዘጋው የሳያኖጅንሞድ ወራሽ ነው፤ በዘመኑ ስሙን ያልጠራ ጎረምሳ አልነበረም።) ሙሉ ባካፕ የሚፈልግ አለ። ደግሞም “የገዛሁት ዕቃ ለምን አይታዘዘኝም?” ብሎ የሚያኮርፍ አለ፤ እውነቱን ለመናገር ልቤ ከዚህኛው ጋር ነው። አሜሪካኖች እንኳ በ2010 በሕጋቸው ሰው የራሱን ስልክ ቢፈታ አይጠየቅም ብለዋል።

ጀማሪ ሁሉ የሚመኘው በአንድ ንክኪ ሩት የሚያደርገውን አፕ ነው። አንድ ጊዜ ነክተህ ሻይ ጠጥተህ ስትመለስ ያለቀለት። ይህ ነገር ነበር፤ ዛሬም አለ። በ2014 ጆርጅ ሆትዝ የሚባለው፣ ገና በ17 ዓመቱ አይፎንን የፈታ ልጅ፣ ታወልሩት የሚባል አፕ አወጣ፤ ጋላክሲ ኤስ5ን በአንድ ቁልፍ ከፈተው። ግን እንዴት እንደሚከፍት ማሰብ ነው። እንዲህ ያለው አፕ የሚገባው በሊኑክሱ ግድግዳ ላይ ባለ ስንጥቅ ነው፤ ስንጥቁ ደግሞ ለባለቤቱና ለሌባው አይለይም። ለዚህ ነው በ2015 አንድሮይድ በየወሩ የጥገና ዝመና ማውጣት የጀመረው፤ ዛሬ ስልክህ ዝመናውን የሚቀበል ከሆነ የአንድ ንክኪ ተስፋህ የተቋጨ ነው። የተረፉት፣ እንደ ኪንግሩት ያሉት፣ ኮዳቸው ዝግ ነው። የቤትህን ቁልፍ ስሙን ለማታውቀው ሰው ከነመለዋወጫው ማስረከብ ነው። እኔ ቤት ውስጥ ይህን አፕ ጭኖ የመጣ ልጅ ቢኖር የምሠራለት ሥራ አንድ ነው፦ ፎርማት።

ደኅንነቱ የተጠበቀው መንገድ ረጅም ነው፤ አሰልቺም ነው። ጎረምሳው የሚከዳውም እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የስልኩ ሞዴል። “ሳምሰንግ ነው” አይበቃም፤ “ጋላክሲ ነው”ም አይበቃም። ጀርባው ላይና ሴቲንግ ውስጥ ያለችው የፊደልና የቁጥር ሰልፍ እስከ መጨረሻዋ ፊደል ትነበባለች። አንዲት የመጨረሻ ፊደል የአሜሪካውን ስልክ ከዱባዩ ትለየዋለች፤ የአንዱን ሶፍትዌር ለሌላው መጫን ነው ስልክን የሚገድለው። እህቱ ከዋሽንግተን የላከችለት ልጅ እዚህ ላይ ያዝናል፦ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡት ዘመናዊ ጋላክሲዎች በአብዛኛው ቡትሎደራቸው አይከፈትም። “ግን አንሎክ ነው ብላኛለች” ይለኛል። እሷ ያለችው ማንኛውንም ሲም ይቀበላል ነው፤ ይህ ሌላ መቆለፊያ፣ ያ ሌላ መቆለፊያ። ይህን ለማስረዳት የሚፈጅብኝን ያህል ጊዜ ሌላው ሥራ አይፈጅብኝም።

ቡትሎደር ማለት ስልኩ ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነቃው፣ የሚነሣው ሶፍትዌር የፋብሪካው መሆኑን ማኅተሙን እያየ የሚያሳልፈው ዘበኛ ነው። መጀመሪያ እሱ መፈታት አለበት። እዚህ ላይ አምራቾቹ እንደ ሰው ጠባያቸው ይለያያል። የጉግል ፒክስል ብዙ አያስቸግርም። ሻኦሚ፣ እኛ ሬድሚ የምንለው፣ ይፈቅዳል ግን ያስጠብቅሃል፦ አካውንትህን ከስልኩ ጋር አሥረህ ብዙውን ጊዜ 168 ሰዓት፣ ማለት ድፍን ሳምንት ትቆያለህ። ሁዋዌ በ2018 መክፈቻውን ኮድ መስጠት አቆመ፤ አለቀ። ሳምሰንግ በሚፈቅድባቸው ሞዴሎች ላይ ደግሞ ቂም ይይዛል፤ ከ2013 ወዲህ ውስጡ አንዴ ከተቃጠለች የማትመለስ ትንሽ ፊውዝ አለች፣ ያልታወቀ ሶፍትዌር ስትጭንበት ትቃጠላለች። ቢጸጽትህና ሁሉን ወደ ነበረበት ብትመልስ እንኳ ኖክስ የሚባለው ጠባቂው አይረሳህም፤ “ሴኪዩር ፎልደር”ህ ዳግመኛ አይከፈትም።

የሻኦሚን ሳምንት እኔ እወደዋለሁ። ብዙ ጎረምሳ በሦስተኛው ቀን ይረሳዋል።

ቡትሎደሩ ሲፈታ ስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ሁሉ። ፎቶው፣ የድምፅ ቅጂው፣ ማስታወሻው። ይህ የተንኮል ሥራ አይደለም፤ ስልክህን የሰረቀ ሰው ቡትሎደሩን ፈትቶ ምስጢርህን እንዳያነብ ታስቦ ነው። ስለዚህ ባካፕ። እኔ ይህችን ቃል ስናገር ድምፄ ራሱ ይለወጣል ይላሉ ልጆቹ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ያለ ባካፕ ሩት ላደረገ ሰው ነው የተተረተው ብዬ ብምል አያስጠይቀኝም። አንዲት ተማሪ “ጨርሻለሁ ጋሼ፣ ሁሉንም ባካፕ አድርጌያለሁ” ብላ ስልኩን ዘረጋችልኝ። “የት አስቀመጥሽው?” አልኳት፤ ደግነቱ ሳልነካው ጠየቅሁ። ፋይሎቹን ሁሉ “ባካፕ” የሚል ፎልደር ከፍታ አንድ በአንድ ገልብጣለች። ፎልደሩ ያለው እዚያው ስልክ ውስጥ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ሥራው የሚጀመረው፤ ሥራው ራሱ ከዝግጅቱ ያነሰ ነው። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው ማጂስክን ነው፤ ጆን ዉ የሚባል የታይዋን ልጅ በ2016 ያወጣው። ብልሃቱ ሲስተሙን አለመንካቱ ነው። ስልኩ የሚነሣበትን ትንሽ ፋይል፣ የቡት ምስሉን፣ ከዚያው ከስልኩ ቢልድ ነምበር ጋር ቁርጥ ከሚመሳሰለው የፋብሪካ ሶፍትዌር ታወጣለህ፤ በአዳዲሶቹ ስልኮች “ኢኒት ቡት” የሚባለው ይሆናል። ማጂስክ ይለጥፍበታል፤ የተለጠፈበትን ፋስትቡት በሚባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም፣ ሳምሰንግ ከሆነ ኦዲን በሚባለው መልሰህ ትጭናለህ። ያልተለጠፈበትን ዋናውን ኮምፒዩተር ላይ ታስቀምጣለህ፤ ስልኩ አልነሣ ቢል እሱን መልሰህ መጫን ብዙ ጊዜ ይበቃል። ቡትሎደሩን ደግሞ “አሁን ሩት ሆኗል፣ ልዝጋው” ብሎ መልሶ የሚቆልፍ ሰው አለ፤ የተነካካ ሶፍትዌር ይዞ የተቆለፈ ስልክ አልነሣም ቢል ማን ይፈርድበታል።

ቻርጁ ቢያንስ ግማሽ፣ ገመዱ የማይወልቅ፣ ኮምፒዩተሩ ደግሞ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ። ይህን የመጨረሻውን የውጭ አገር መመሪያዎች አይጽፉትም፤ ጸሐፊዎቹ ሶፍትዌሩ እኩሌታ ላይ ደርሶ መብራት ጥፍት ሲል ምን እንደሚመስል አያውቁም። እኔ ቤት ዴስክቶፕ ላይ ፍላሽ ማድረግ ክልክል ነው። ሰፈሩ ሁሉ “ሄደ!” ብሎ ሲጮህ ልጁ ስልኩን እንደ አራስ አቅፎ ሲንቀጠቀጥ ማየት አልፈልግም።

አሁን ሩት ሆነ እንበል። ደስታው እስከ ባንክ አፑ ድረስ ነው። ዛሬ ሰዉ ገንዘቡን በስልኩ ይዞ ነው የሚዞረው፤ ቴሌብር በግንቦት 2021 ከመጣ ወዲህ የሻይ ሒሳብ ሳይቀር በስልክ ሆኗል። በየአገሩ ያሉ ብዙ የባንክ አፖች ግን ስልኩን ገና ሲከፈቱ ይመረምሩታል፣ አንዳንዶቹ ጉግልን “ይህን ስልክ ታውቀዋለህ?” ብለው ይጠይቃሉ። ጉግልም ቡትሎደሩ የተፈታ ስልክ ሲያይ “አላውቀውም” ይላል። አፑም ይዘጋል። ባለቤቱ ሙሉ ሥልጣን ጨብጦ ሃምሳ ብር መላክ ያቅተዋል። ሩትን ከእነዚህ አፖች መደበቂያ ዘዴ አለ፤ እነሱም መፈለጊያ ዘዴ አላቸው፤ በዚህ ድብብቆሽ ውስጥ የገባ ሰው ቅዳሜና እሁዱን ይሰናበት። ማጂስክ ራሱ የመደበቂያ ክፍል ነበረው፤ ጆን ዉ በ2021 ጉግል ውስጥ ለአንድሮይድ ጸጥታ ክፍል ተቀጠረና ያ መደበቂያ ቀረ። በር ከፋቹን ዘበኛ አድርጎ የቀጠረ ሰው ብልህ ነው፤ በሩ የት የት እንዳለ ሌላ የሚያውቅ የለማ።

ከባንኩም በላይ የምፈራው ግን ፈቃዱን ነው። ሩት የሆነ ስልክ ላይ አንድ አፕ ሥልጣን ሲፈልግ ማጂስክ ለባለቤቱ ጥያቄ ያወጣል፦ ፍቀድ፣ ከልክል። ጀማሪ ሰው ጥያቄውን አያነብም፤ ፍቀድን ይነካል፣ ሁልጊዜ ፍቀድ የሚለው ካለማ ደስታውን አይችለውም። የእጅ ባትሪ የሚያበራ አፕ የሩት ሥልጣን ለምን እንደሚፈልግ አንድ ደቂቃ ቢያስብ ይገባው ነበር።

በመጨረሻ የምለው “በዋናው ስልክህ አትጀምር” ነው። በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ “ለልጁ መጫወቻ” ተብሎ የቀረ ስልክ አይጠፋም። ለሱ የሚያለቅስለት የለም፤ ባንክም የለበት፣ ፎቶም የለበት። የአክስቴ ልጅ ይህን ምክር ሰማ። እናቱ የተዉትን አሮጌ ስልክ አመጣ፣ ሞዴሉን እስከ መጨረሻዋ ፊደል አነበበ፣ ዋናውን ፋይል ላፕቶፑ ላይ አስቀመጠ፣ በተራው በተራው ሠራ፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ቆሎ ከመቆርጠም በቀር ያደረግሁት ነገር የለም። ስልኩ ተነሣ። ማጂስክም እዚያው አለ። ልጁ ዘለለ።

“አሁንስ ጋሼ? ምን ላድርግበት?”

እንዲህ ያለውን ጥያቄ ቀድሞ መጠየቅ እንዳለበት ነግሬው ነበር፤ ግን የሠርግ ቀን አይቆጡም። “ሥራ የማይሠሩትን አፖች አውጣበትና እናትህ እንደገና ይጠቀሙበት፤ ፍጥነት ያገኛል” አልኩት። ስልኩን ይዞ ሄደ።

ማታውኑ በቴሌግራም መልእክት ጻፈልኝ። ስልኩ እንደ አዲስ ሆኗል፣ በጣም ፈጥኗል፣ ቦታም ተትረፍርፏል፣ የማያስፈልገውን ሁሉ ነቅሎ ጥሏል። ሥራውን በሥርዓት የጨረሰ ልጅ መመስገን አለበት ብዬ፣ “እናትህን በዚያው ስልክ እስቲ አገናኘኝና እንኳን ደስ ያለዎት ልበላቸው፤ ይደውሉልኝ” አልኩት።

ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ እንዲህ የሚል መጣ፦

“መደወያውን አጥፍቼዋለሁ ጋሼ። ሰዉ ሁሉ በቴሌግራምና በኢሞ ስለሆነ የሚያወራው፣ የማይሠራ መስሎኝ።”